ከንፈሬን ለመዝጋት ፉሪ ድረስ

ፉሪን የማታውቁ ብዙ ናችሁ፤ አትዘኑ፣ የቀረባችሁ ነገር የለም። ተራራ የለው፣ ሐይቅ የለው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዘመድ ካለው ወይም ቤት ከሠራ ነው። እኔ የሄድኩት ዝም ብሎ ማንበብ ለመማር ነው። ብትስቁ አልቆጣም፤ ለእኔም ሳቁ የመጣልኝ አሁን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ግንበኛ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ድንጋይና ብሎኬት ደርድሬአለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ግን በአርባ አምስት ዓመቴ፣ እዚሁ ቡታጅራ፣ በሰበካው አዳራሽ ነው። ያስተማረን ዲያቆን ትምህርቱ ሁሉ በድምፅ ነበር። እሱ ይላል፣ እኛ እንላለን። ዝም ያለ ተማሪ ተኝቷል ማለት ነው፣ በአለንጋው እጀታ ጎኑን ይነካዋል። በዚህ መንገድ ያደገ ንባብ ጆሮ ካልሰማው አይገባም። ዓይኔ ብቻውን ደረቅ ሲሚንቶ ነው፤ ውሃው ድምፄ ነው።

ባለፈው ዓመት ለፎርማንነት የብቃት ምዘና ተመዘገብኩ። የእጅ ሥራውን አለፍኩ። የጽሑፉ ቀን ግን ከአዳራሽ ተባረርኩ። ጥያቄውን እንደለመድኩት ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ይሄ አንሶኝ «ለ ነው» እያልኩ አከበብኩ። ፈታኙ እስኪደርስብኝ ሦስት ረድፍ ሰው ከእኔ ጋር «ለ»ን አክብቦ ነበር። መልስ አቀባይ ተባልኩ። የምር የሚያናድደው ደግሞ ግማሾቹ በእኔ ምክንያት መውደቃቸው ነው።

ከዚያ አሠሪዬ ጠራኝና፣ «እስከ ገና ወረቀቱን ካላመጣህ ፎርማኑ ሌላ ነው፤ አንተ ከእሱ ሥር ትሠራለህ» አለኝ። ሌላ የተባለው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ግንብ ማጋደሉን የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ከእሱ ሥር ከምሠራ ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል አልኩ፤ ግን አፍ ነው እንጂ ወገቤ ድንጋይ መሸከሙን ትቶታል።

በከተማችን የምዘናው ቦታ ሞልቷል ተባልኩ። ላፍቶ አካባቢ ቦታ ያገኘልኝ ጴጥሮስ ነው፤ የታናሽ እህቴ የታደለች ባል። ጴጥሮስ ከወላይታ የመጣ ጸጉር አስተካካይ ነው፣ ጴንጤ ነው። እህቴ የእናቷን ሃይማኖት ትታ ስታገባው ሠርጓ ላይ አልቆምኩም። አሥራ ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጥኩም። «ጋሼ፣ ቦታ ይዤልዎታለሁ፤ ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ይምጡና እኛ ጋ ሆነው ያጥኑ» ብሎ ሲደውል ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩ። ምን ላድርግ?

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና የሰባት ቀን ሱባኤ ያዝኩ። ለቪዛም ለሎተሪም ሱባኤ የሚይዝ ሰው አውቃለሁ። እኔ መልሱን በሕልም አሳየኝ ብዬ አይደለም። ራሴን ስለማውቅ ነው። ለራሴ የገባሁትን ቃል ጠዋት ገብቼ ሦስት ሰዓት ላይ አፈርሰዋለሁ፤ ለእግዚአብሔር የገባሁትን ግን ማፍረስ እፈራለሁ። ስለዚህ ጥናቱን ከጸሎቱ ጋር በአንድ ገመድ አሰርኩት። ጠዋት ስግደትና የዕለቱ ጸሎት፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥናት፤ ያላጠና አይበላም። ሕጉ ይኸው ነው።

ሰኞ

ከቡታጅራ በማለዳ ተሳፈርኩ። መኪና ውስጥ እንኳ በሽታዬ አልተወኝም፤ በመስኮት ያለፈውን ጽሑፍ ሁሉ አነባለሁ። «ጎማ ይጠገናል።» «መሬት ይሸጣል።» «በግ አለ።» አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በየመሃሉ «አቤት?» ስትለኝ ቆይታ ጢያ ስንደርስ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባባ፣ መሬቱን እየሸጡልኝ ነው ወይስ እየገዙ ነው?»

ከዚያ ወዲያ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሄድኩ። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ስንሻገር ሰው ሁሉ ወንዙን አየ፤ እኔ የድልድዩን ግንብ አየሁ። ደህና ግንብ ነው።

አየር ጤና ወርጄ የጀሞ ታክሲ ያዝኩ። ባለቤቴ አስካለ ለእህቴ ብላ የቋጠረችው የተፈጨ በርበሬ እግሬ ሥር ነበር። ረዳቱ ሲዘጋው በሩ ፌስታሉን ያዘውና ቀደደው። የእኛ አገር በርበሬ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ረዳቱ አነጠሰ፤ ከዚያ ኋላ ወንበር፤ ከዚያ ሾፌሩ። ሾፌር ሲያነጥስ ዓይኑን መጨፈኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አየሁ።

«ፋዘር! ሰው ልትፈጅ ነው እንዴ? ውረድ፣ ውረድልን!»

ወረድኩ። ቡታጅራ ቢሆን ባጃጁ ስሜን ጠርቶ ቤቴ ያደርሰኛል። እዚህ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት አለ፤ እኔ የወረድኩት ከሦስቱም መሃል ነው። የተረፈውን በርበሬ በነጠላዬ ቋጥሬ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ። የፉሪ ታክሲ ያገናኘችኝ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ናት፤ ዕቃዋን ለጎረቤቷ ትታ መንገድ አሻግራ አሳፈረችኝ። አዲስ አበባ ሰው የለም የምትሉ እሷን አላያችሁም።

ፉሪ ያላለቀ ቤት አገር ነው። አንድ ፎቅ ይጨርሱና ለሁለተኛው ብረቱን ወደ ሰማይ አቁመው ይተውታል። እኛ ጋ ቤት ያልቃል፣ ሰው ይገባበታል። እዚህ ሰው ገብቶበት ቤቱ ገና እየተሠራ ነው።

ታደለች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወፍራለች፤ ፊቷ ግን የእናቴ ፊት ነው። ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«መንገዱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀህበት።»

ቀጥላ፣ «ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው ልብስህ ላይ?» ስትል በርበሬው አዳነኝ።

ልጆቹን ምንጣፍ ላይ አስተኝታ አልጋቸውን ለእኔ አነጠፈች። ምግብ ስታቀርብ ድስቱ አዲስ ነበር፤ የፋብሪካው ወረቀት እንኳ ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው። እነሱ ይሄን ጾም አይጾሙም። ቅቤ የነካው ድስት አልበላም እንዳልል ብላ ገዝታለች። ሽሮውን በላሁ። ስለ ድስቱ እሷም አልተናገረች፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ማክሰኞ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በጩኸት ነቃሁ። ሌባ ገባ ብዬ ዱላ ስፈልግ ጴጥሮስ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይጸልያል። እኛ ለእግዚአብሔር ስንሰግድ ዝቅ ብለን ነው፤ እሱ ግን ከማዶ ያለ ጎረቤት እንደሚጠራ ነው የሚጣራው። ስለ ሱቁ ኪራይ ይነግረዋል፤ ስለ ልጆቹ ሳል ይነግረዋል፤ ስለ እኔም ፈተና ነገረው፣ በስሜ።

እኔም ተነሥቼ አርባ አንዴ ኪርያላይሶን አደረስኩ፤ የማክሰኞውን ጸሎት ጀመርኩ፣ ያው በድምፅ። እሱ ከሳሎን፣ እኔ ከጓዳ። ጎረቤት ቆርቆሮውን ደበደበች።

«እናንተ! እዚያ ቤት ስንት ሃይማኖት ነው ያለው?»

ታደለች ከመኝታዋ ሳቀች። ሳቋ ተጋባ፣ ጴጥሮስም ሳቀ። እኔ ሱባኤ ላይ ስለሆንኩ አልሳቅኩም፤ ማለቴ ብዙ አልሳቅኩም።

ሲነጋ የጥናት ወረቀቴን ይዤ ተቀመጥኩ። በልቤ ላነብ እሞክራለሁ፤ ሁለት ቃል ሳልሄድ ከንፈሬ ይነሣል፣ ከዚያ ድምፄ ይከተላል። ታደለች ዘዴ አመጣች፤ «ውሃ በአፍህ ያዝና አንብብ።» ያዝኩ። «የኮንክሪት ጥንካሬ» የሚለውን በዓይኔ አለፍኩ። «ከተሞላ በኋላ» ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ መናገር አማረው፤ ትን አለኝና ውሃው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወረደ። ስለ ሲሚንቶ የተጻፈው ገጽ ከጥቅም ውጭ ሆነ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጬ አንዲት ገጽ እንኳ በዝምታ አልጨረስኩም።

ረቡዕ

ጴጥሮስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ጋ ይዋሉ» ብሎ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። ሱቁ ወደ ሃና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ተረኛ የሚጠብቅበት አግዳሚ። አግዳሚው ላይ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ የአካባቢው ሰው ተቀምጠዋል። ድሮ ይሄ ሁሉ የእነሱ የእህል መሬት ነበር፤ አሁን በቀረቻቸው ቁራሽ ጤፍ ይዘራሉ፣ በቀረው ቤት ያከራያሉ። የሚላጭ ጸጉር የላቸውም፤ ለወሬ ነው የሚመጡት።

ጴጥሮስ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ አንገቴ ላይ ጨርቅ አሰረ፤ ፊቴን በሳሙና አረፋ ሞላው። የጥናት ወረቀቱን መስታወቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለው። ከዚያ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ።

«አሁን ያንብቡ» አለኝ። «እኔ የላይኛውን ከንፈር ነው የምላጨው። ከንፈርዎን ካንቀሳቀሱ ምላጩ ጋሼ ነው፣ ግንበኛ ነው ብሎ አይለይም።»

«ጴጥሮስ፣ ቀልዱን ተው።»

«ይሄው ተናገሩ፤ ልቆርጥዎት ትንሽ ቀረኝ!»

ኦቦ ዲንቃ አግዳሚውን በእጃቸው መቱ። «አሥራ ሁለት ዓመት ደጅህን ያልረገጠ አማችህ እሱ ነው? ዛሬማ እጅህ ገብቷል፤ ጉሮሮውም ቅርብ ነው!»

አረፋ ውስጥ ሆኜ ፊቴ ጋለ። ይሄ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት የናቅኩት ሰው ነው። ምላጩ በአፍንጫዬ ሥር ነው። እጁ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ቀለል ያለ፣ ጥንቁቅ እጅ ነው። እጅ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የሰው እጅ ስመርጥ ነው የኖርኩት። ለእንዲህ ያለ እጅ ሥራ እሰጥ ነበር።

ዓይኔን መስታወቱ ላይ ወዳለው ወረቀት መለስኩ። አንደኛውን መስመር አየሁ። ከንፈሬ ሊነሣ ሲል ብረቱን ሰማና ፈራ። ሁለተኛውን መስመር አየሁ። ጉሮሮዬ እንደ ታሰረ ውሻ ጉተታ አለው፤ ግን አልጮኸም። አራተኛው መስመር ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ቃሉን ሳልለው ገባኝ። ድንጋዩ ሳይነካ ግንቡ ላይ እንደተቀመጠ ዓይነት። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ «እንዴ!» አልኩ፤ ምላጩም ጫር አደረገኝ። በጣም ትንሽ ነው።

ኦቦ ዲንቃ ጥጥ እያቀበሉ፣ «ደም ፈሰሰ፤ አሁን ታረቃችሁ ማለት ነው» አሉ።

ሐሙስ

ስለዚህ ቀን ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ወረቀቴን ይዤ ወደ ሱቁ ስሄድ መንገድ ላይ አጥር የሚሠሩ ወጣቶች አየሁ። ግንቡ ያጋድላል። እለፍ አልኩት ራሴን። አላለፍኩም። «ቱምቢ የላችሁም?» አልኩ፤ ግንብ ቀጥ ማለቱ የሚታይበትን ባለ ክር ሚዛን። «አለ፤ ክሩ ተበጥሶ ነው» አሉ። ክሩን ቋጠርኩላቸው። ከዚያ ሁለት መደዳ አስፈረስኳቸው። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቀና ስል ፀሐይዋ ወደ ለቡ አዘንብላለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

ጥሩ ግንብ ሆነ። ወጣቶቹ ክትፎ ካልጋበዝንህ አሉ፤ ጾም ነው አልኩ። ወረቀቴ ግን ብሎኬት ሥር ተቀምጦ፣ እንደታጠፈ ነበር። ከፈተናው በፊት የቀረኝ አንድ ቀን ነው። እንግዲህ እኔ ይሄ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ይሄ ነኝ። እጄ ሁልጊዜ ሥራ ያገኛል፤ ሥራ ያገኘ እጅ ደግሞ ለጭንቅላት ጥሩ ሰበብ ነው።

ቤት ስገባ ታደለች ምሳዬን ከድና ጠብቃለች። «አልበላም» አልኳት። «ያላጠና አይበላም።»

«ጋሼ፣ ማን ያይሃል?»

ጴጥሮስ ጫማውን እያወለቀ ሰማ። «ተይው፣ ታዱ» አላት። «እኔ ጠዋት ሳልጸልይ የወጣሁ ቀን ሱቅ አልከፍትም፤ ስንቴ ከደጅ አልመለስኩም? ኪራዩ ይጮኻል፣ አንቺም ትጮኺያለሽ። ግን አንዴ ከከፈትኩ፣ ነገም እከፍታለሁ። ከዚያ ጸሎቱም ሱቁም ይቀራሉ።»

ከእሱ አፍ የእኔን ሕግ ሰማሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ጩኸታም እንጂ ሥርዓት ያለው ሰው አይመስለኝም ነበር። ወረቀቴን ዘርግቼ እስኪመሽ አጠናሁ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ሽሮ በላሁ። ጴጥሮስ ምሳውን በልቶ ሳለ አብሮኝ ቀዝቃዛውን በላ።

ዓርብ

የሚላጭ ጺም አልቀረኝም። ጴጥሮስ ግድ አልሰጠውም፤ አረፋውን ቀባኝና በምላጩ ጀርባ እያስፈራራ አርባ የልምምድ ጥያቄ አስነበበኝ። ደንበኛ ሲመጣ እነሣለሁ፣ ሲሄድ እመለሳለሁ። አንድ ጎረምሳ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጴጥ፣ ፋዘር ለሦስተኛ ጊዜ ነው እንዴ የሚላጩት? ሙሽራ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ ልሰጠው ነበር፤ ብረቱን አስታወስኩና ዋጥኩት። በሕይወቴ ነገር ዋጥ ያደረግሁበት የመጀመሪያ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ማምሻውን የመጨረሻውን ገጽ ያለ አረፋ፣ ያለ ምላጭ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ኦቦ ዲንቃ ፊቴን ሲጠብቁ ነበር። «ዝም ስትል ያስፈራል» አሉኝ።

ቅዳሜ

ጴጥሮስ ቅዳሜ ዋና ገበያው ሆኖ ሳለ ሱቁን ዘግቶ እስከ ፈተናው ደጅ ሸኘኝ። በሩ ላይ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሊጸልይልኝ ሲል ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ የቡታጅራ ሰው እንዳያየኝ። ከዚያ ይሁን ብዬ ቆምኩ። እሱ ጸለየ፤ እኔ ደግሞ በሆዴ የራሴን አደረስኩ።

አዳራሹ ውስጥ በዕድሜ ሁሉንም እበልጣለሁ። ጥያቄው አርባ ነው። በዓይኔ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ዝግ ብዬ ነው የምሄደው፤ እንደ ጭነት አህያ፣ ግን እሄዳለሁ። ሃያ ሦስተኛው ላይ አራት መስመር ርዝመት ያለው ጥያቄ መጣ። ከንፈሬ ከቁጥጥሬ ወጣ። «የመሠረት ቁፋሮ» ስል ራሴን ሰማሁት። ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባት፣ ድምፅ። አንዴ ከደገሙ ላስወጣዎት ነው።»

ወረቀቱ፣ ያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ሠላሳ ዓመቴ፣ ሁሉም እዚያች ከንፈር ላይ ተንጠለጠሉ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የላይኛው ከንፈሬ ላይ ያ የብረት ቅዝቃዜ እንዳለ አድርጌ ቆየሁ፤ ዓይኔን ገልጬ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አራቱንም መስመር ወረድኩ። ድምፅ አልወጣኝም።

ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ሰዓት አለቀ። አጠገቤ የነበረው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለህ አክብብ እንጂ!» አለኝ በሹክሹክታ። ያላነበብኩትን አላከብብም። ከዚህ በፊት ሳላነብ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች ምን እንዳደረጉኝ እኔ ነኝ የማውቀው። አራቱን ባዶ ትቼ ሰጠሁ።

ውጭ ለጴጥሮስ ነገርኩት። ራሱን ያዘ።

«ጋሼ! መገመት ኃጢአት አይደለም እኮ!»

«ለአንተ ላይሆን ይችላል።»

አየኝ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ፉሪ ድረስ በየመሃሉ «አራት ጥያቄ!» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ሄደ።

እሑድ

ጠዋት እነሱ ወደ ጸሎት ቤታቸው፣ እኔ ወደ ቅዳሴ ሄድን። ተመልሰን አንድ ላይ በላን፤ የእኔ በዚያው ድስት። ታደለች ስትሸኘኝ፣ «ድስቱ እዚሁ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አይሠራበትም» አለችኝ። ለፋሲካ ጾም እንድመጣ ነው። እመጣለሁ አልኩ፤ በሱባኤ ቀን የተባለ ነገር ደግሞ መሐላ ነው። ለአስካለ ብላ ሙሉ ቀሚስ ሰጠችኝ፤ በበርበሬው ፋንታ።

በመመለሻው መኪና ላይ ከፉሪ እስከ ቡታጅራ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ አንድም ሳላሰማ አነበብኩ።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልኬ መጣ። ስካፎልድ ላይ ቆሜ በልቤ አነበብኩት። አልፌአለሁ፤ ከማለፊያው ብዙም አልራቅኩም፣ ግን አልፌአለሁ። ያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ከታች፣ «ምን ተባለ?» ሲለኝ፣ «ቱምቢውን አቀብለኝ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ተነሥቼ የዕለቱን ጸሎት ከፈትኩ። አዲሱን ሙያዬን ልጠቀም ብዬ ከንፈሬን ዘግቼ፣ በዓይኔ ብቻ፣ በኩራት አነባለሁ። አስካለ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አሞሃል?»

«አላመመኝም። በልቤ እያነበብኩ ነው።»

«በልብህ» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አስካለ ፊደል አታውቅም፤ እኔ ስማር አብራኝ እንድትማር አልጠየቅኋትም። «እኔስ?»

«አንቺስ ምን?»

«ይሄን ያህል ዓመት ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሆኜ ምን የምሠራ ይመስልሃል? ምስሩን ለቅሜ የምጨርሰው አንተ ስታበቃ ነው። ትናንት ከነበርንበት ቀጥሎ ያለውን እኮ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

በርጩማ አቀረብኩላት፤ ተቀመጠች። የዕለቱን ክፍል ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፣ ጓዳ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።